ጾማችን ከበዓላቸው ሲገጥም፦ ወደ ጃማይካ ለአገልግሎት ለሚሄድ ወጣት ዲያቆን

ልጄ ሆይ፣ ወደ ጃማይካ መመደብህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ትንሽም አሳሰበኝ። ደስ ያለኝ ሀገሩንም ሰዉንም ስለምወደው ነው። ያሳሰበኝ ደግሞ እዚህ ሁሉም ሰው ስለ ስብከትህ፣ ስለ እንግሊዝኛህና ስለ ዜማህ ሲመክርህ ስለ ገበታ የሚነግርህ ሰው ባለመኖሩ ነው። እዚያ ባገለገልኩበት ዘመን ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲቀርብም ሲርቅም ያየሁት በስብከት ምክንያት እምብዛም አይደለም። የእነሱ በዓል በእኛ ጾም ላይ ሲውል አገልጋዩ ምን አደረገ? መጣ ወይስ ቀረ? ከመጣስ ከሰው ጋር ተቀመጠ ወይስ ፊቱን አጨፍግጎ ቆመ? የሚፈርዱብህ በዚህ ነው። ስለዚህ ምክሬ ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ማጀትና ወደ ለቅሶ ቤት ያደላል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ፤ የበዓላቸውን ቀን ግን እነሱ በሚጠሩት ወር እጠራዋለሁ፣ አለዚያ ስትደርስ ይምታታብሃል።

1. ማን እንደቀደመህ እወቅ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ለመውረድ እስኪቸገሩ ድረስ። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታዎች ሽማግሌ ደረጃው ላይ ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው መንገድ የተገኘው። ሲወርድ የነበረው ዝናብ አውሮፕላኑ ሲቃረብ ቀጥ አለ ብለው ዛሬም የሚተርኩልህ አሉ፤ ሲተርኩ አታቋርጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ ተብለው የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት፣ ቤተ ክርስቲያናችንን በዚያች ደሴት ተከሉ። ዛሬ ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ያለችውን ቅድስት ሥላሴን ስትሳለም የእሳቸውን ድካም አስብ።

ከዚያም በፊት ቢሆን ሰዉ ባዶ እጁን አልነበረም። ጣልያን በወረረን ጊዜ እዚያ ደሴት ላይ ያለቀሱልን ሰዎች ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ብዙ ሳይቆይ ጃማይካ ውስጥ ቅርንጫፍ አበጅቷል። ስለ ዓድዋ ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ አናጺ ልታገኝ ትችላለህ። አንተ ኢትዮጵያን አዲስ ይዘህላቸው የምትሄድ እንዳይመስልህ። ከአያት ሲወርድ ሲዋረድ ይዘዋታል፤ የያዟት ኢትዮጵያ አንተ ከምታውቃት ብትለይም እንኳ መጀመሪያ ስማቸው።

2. ሰላምታ አትንፈግ። ቀይ ታርጋ ያላቸው ታክሲዎች አሉ፤ እንደኛ ሚኒባስ መስመር ይዘው የሚሠሩ፣ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው የሚያጠጋጉ። በሩን ከፍተህ ስትገባ ከመቀመጥህ በፊት «ጉድ ሞርኒንግ» በል፤ ለሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪው ሁሉ። ሱቅ ስትገባም ሐኪም ቤት ወረፋ ስትይዝም እንዲሁ። ሰላም ሳይል የሚቀመጥ ሰው ቀሚሱ የቱንም ያህል ቢነጣ እዚያ ባለጌ ነው። ትልቅ ሴት ስትጠራ ከስሟ በፊት «ሚስ» ሳትል አትጥራ፤ ያገባችም ብትሆን፣ የልጅ ልጅ ያየችም ብትሆን። ወጣቶቹ ጭብጣቸውን ሲዘረጉልህ አንተም ጭብጥህን አስነካ። ቅስና ስትቀበልም መስቀል ለማሳለም አትቸኩል፤ መሳለም የሚሻ ራሱ ጎንበስ ይላል።

3. ይህን ክፍል ለባለቤትህ ስጣትና ራሷ ታንብበው፤ ከዚህ በታች ያለው ለእሷ ነው። ልጄ፣ ከእሱ ይልቅ አንቺ ላይ ነው ኑሮው የሚከብደው። እሱ ቤተ መቅደስ ሲገባ ያው የለመደውን ቅዳሴ ያገኛል፤ አንቺ ማጀት ስትገቢ ምንም የለመድሽው ነገር የለም። ጤፍ አትጠብቂ። ስንዴና የሩዝ ዱቄት ደባልቀሽ አቡኪ፤ ኪንግስተን ሞቃት ስለሆነ ቤትሽ ቀናት የሚፈልገው ሊጥ እዚያ በማግስቱ ኩፍ ብሎ ይጠብቅሻል። ካላሉ የሚሉት ቅጠል አለ፤ በሽንኩርትና በቲማቲም ሲያበስሉት የጾም ጎመን ነው የሚመስልሽ። እሑድ እሑድ በየቤቱ ሩዝ ከቀይ ቦሎቄ ጋር በኮኮነት ወተት ይቀቀላል። ጎረቤት ሲልክልሽ ተቀበይ፤ ነገር ግን አንዳንድ ቤት ለጣዕም ጨው የገባ የአሳማ ጭራ ስለሚጨምሩበት አስቀድመሽ ጠይቂ። አትፈሪ፤ ራስታዎችም አሳማ ስለማይበሉ ጥያቄው ለማንም እንግዳ አይሆንም። እንዲያውም አጥባቂዎቹ ራስታዎች ሥጋም ጨውም የሌለበት፣ አይታል የሚሉት ምግብ አላቸው። የሁዳዴ ጎረቤቶችሽ እነሱ ናቸው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ስኮች ቦኔት የሚባለውን ትንሽ ድቡልቡል በርበሬ ቃሪያ መስሎሽ እንዳትነክሺው። ሳይፈርጥ ሙሉውን ድስት ውስጥ ጥለው መልሰው የሚያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው አኪ ነው። ብሔራዊ ምግባቸው ነው፤ ከጨው ዓሣ ጋር ሲጠበስ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ በራሱ ጊዜ ካልተከፈተ መርዝ ነው። ከፍተው ያቀረቡልሽን ብዪ፣ በእጅሽ የቀጠፍሽውን ግን ለጎረቤት ሳታሳዪ አታብስዪ። በጾም ጊዜ ዓሣውን ትተው እንዲያበስሉልሽ ብትጠይቂ ደስ እያላቸው ያደርጉታል።

4. ዲሴምበር 25 ቀን ቤትህ ተዘግተህ አትቀመጥ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ገባሁ። የእነሱ ገና የሚውለው በእኛ ጾመ ነቢያት መካከል ነው፤ በየዓመቱ፣ ያለ ማወላወል። የምእመናንህ እናትና አባት፣ እህትና ወንድም አብዛኞቹ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ያን ቀን መላው ቤተሰብ አንድ ገበታ ላይ ይሰበሰባል። አዲስ ተጠማቂ ልጅ «እኔ ጾም ነኝ፣ አልመጣም» ሲል እናቱ የምትሰማው «እናቴ አይደለሽም» የሚል ነው። እናትየውን ማን ወሰደብኝ ብላ የምትጠይቀው ደግሞ አንተን ነው።

ስለዚህ ልጁ ይሂድ፤ ከተጠራህ አንተም ሂድ። ገበታው ላይ የፍየል ካሪ፣ ዶሮና የአሳማ ሥጋ አለ። በአጠገቡ ግን ከኮኮነት ጋር የተቀቀለ ሩዝ አለ፤ በገና ሰሞን የሚደርሰው አረንጓዴ አተር ነው የሚገባበት። የተጠበሰ ሙዝ አለ፣ ሰላጣ አለ። ሶረል የሚሉት ቀይ መጠጥ ደግሞ የእኛው ከርከዴ ነው። ዝንጅብል ጨምረው ሌሊቱን ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፤ ሩም ያልገባበት እንዲቀዳልህ ንገራቸው፣ ለሕፃናት ለብቻ ያስቀመጡት አይጠፋም። በወይንና በሩም የራሰ ፍራፍሬ የሞላበት ጥቁር ኬክ ሲቆርሱልህ ቅቤና እንቁላል አለበት ብለህ አትመልሰው። «ለራሴ ገና ልውሰደው» በላቸው። በፎይል ጠቅልለው ይሰጡሃል፤ ሩሙ ስለሚያቆየው እስከ ጃንዋሪ 7 ምንም አይሆንም። አንድ ሴትዮ ይህን ስነግራቸው በሚቀጥለው ዓመት ሳልጠይቅ ስሜን የጻፉበት ጥቅል አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠህ ማየት ፈተና ነው፤ እሱን አልደብቅህም።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ግራንድ ማርኬት የሚሉት ገበያ ይቆማል። ሕፃናት አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ፊኛና መጫወቻ ይዘው እስከ ሌሊት ይዞራሉ። ጆንካኑ የሚባል የጭምብል ጨዋታም አለ፤ አሁን እየተመናመነ ነው። የላም ራስ ያጠለቀ፣ ጨርቅ በጨርቅ የሆነ፣ እርጉዝ የመሰለ፣ ሰይጣን የመሰለ በዋሽንትና በከበሮ እየዘለለ ይመጣል። በባርነት ዘመን ለሰዎቹ ዕረፍት በሚሰጣቸው በዚያች ጥቂት ቀን የተጀመረ ነው። ሰይጣን የመሰለውን አይተህ እንዳታማትብበት፤ ምናልባት የምእመንህ አጎት ሊሆን ይችላል።

5. ለቅሶ ላይ ቅደም። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትለኝ ይህን ነው የማስይዝህ። እኛ ሰው ሲሞት በማግስቱ ቀብረን ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። እነሱ ዘንድ ልጆች ከለንደን፣ ከኒውዮርክ፣ ከቶሮንቶ እስኪገቡ ቀብሩ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቦብ ማርሌይ እንኳ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ማያሚ ውስጥ ዐርፎ የተቀበረው ግንቦት 13 ነው። እስከዚያ ያለው ጊዜ ባዶ አይደለም፤ ሰው ማታ ማታ ይመጣል። ከሁሉም የሚበልጠው ናይን ናይት የሚባለው ነው። ድሮ ከሞት በኋላ በዘጠነኛው ሌሊት ነበር፤ አሁን ብዙዎች ከቀብሩ ዋዜማ ጋር አገናኝተውታል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ግቢው ውስጥ ሸራ ይዘረጋል፣ አምፖል ይንጠለጠላል። አንድ ጥግ ወንዶች ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ የሚያላትሙት ሰፈሩ እስኪሰማ ነው። የተጠበሰ ዓሣና ዳቦ ይዞራል፣ ቡና ይፈላል፣ የፍየል ጭንቅላት ሾርባ በትልቅ ድስት ይንተከተካል፣ ነጭ ሩም ይቀዳል። አሮጊቶቹ ሳንኪ የሚሏቸውን የድሮ መዝሙሮች ይዘምራሉ፤ አንዷ ስንኙን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ሌላው ተቀብሎ ያዜማል። አንዳንድ ቤት ለሟች የተለየ ገበታ ተዘርግቶ እስከ እኩለ ሌሊት ማንም አይነካውም። አሁን አሁን ትልልቅ የድምፅ ማጉያ የሚያቆሙም አሉ፤ እሱ አይጥመኝም፣ እነሱ ውስጥም የማይጥማቸው ሽማግሌዎች አሉ።

አንተ ምን ታደርጋለህ? ትሄዳለህ፣ ትቀመጣለህ። ስለ ሩም አትስበክ። ስለ ሟች ገበታም ያን ሌሊት አትከራከር፤ የምታስተምርበት ሌላ ቀን አለህ። ዶሚኖ ካቀረቡልህ ተጫወት፣ ብትሸነፍ ይሻላል። ሲመሽ ቤተሰቡ «አባ፣ ጸሎት አድርጉልን» ይላል፤ ገና ዲያቆን ነኝ ብትላቸውም አይሰሙህም። አጭር ጸሎት በእንግሊዝኛ አድርግና አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ ድገም። ግዕዙን አይሰሙትም፤ ግን ጸጥ ይላሉ። ሟቹ የእኛ ምእመን ከሆነ ሰልስቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን በሥርዓቱ ከካህኑ ጋር ፈጽሙለት፣ ለቤተሰቡም እያንዳንዱ ምን እንደሆነ አስረዱ። ሦስተኛው ቀን ቀብሩ ሳይፈጸም ስለሚደርስ ግራ ይጋባሉና ከሞተበት ቀን እንደሚቆጠር አስቀድመህ ንገራቸው። ገጠር ከሆነ መቃብር ቁፋሮው ራሱ የመንደር ሥራ ነው። ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ ይገነባሉ፣ ሴቶቹ እዚያው ያበስላሉ። ቀሚስህን ሰብስብና አካፋ ያዝ። እኔ ካየሁት ስብከት ሁሉ ያ አካፋ ይበልጣል።

6. ራስታዎች ስለ ጃንሆይ ሲጠይቁህ አትሽሽ፣ አትሳቅም። ኤፕሪል 21 የመጡበት፣ ጁላይ 23 የተወለዱበት፣ ኖቬምበር 2 የነገሡበት ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ኒያቢንጊ የሚሉት የራስታዎች ከበሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ እየሰማህ ታድራለህ። ካህናቱ ጋር የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ንጉሡ አምላክ ናቸው ወይስ አይደሉም? አቡነ ይስሐቅ በንጉሡ ስም አጥምቁን ሲሏቸው እንቢ ብለው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ አጠመቁ። በዚህ ያኮረፉ ነበሩ፤ የተጠመቁትም ብዙ ናቸው። ቦብ ማርሌይ ራሱ በ1973 ዓ.ም. ከእሳቸው እጅ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቋል፣ ጸሎተ ፍትሐቱም ኪንግስተን ላይ በእኛው ሥርዓት ተደርሷል። አንተም ከዚህ መስመር ፈቀቅ አትበል። ጃንሆይ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ በጳጳስ እጅ ቅብዐ መንግሥት የተቀበሉ፣ ቆመው የሚያስቀድሱ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። ይህን በትሕትና ተናገር። ብዙ ሰው የሚሰማህ ስለ ንጉሡ በክብር ስትናገር ካየህ ብቻ ነው። «አምላክ ናቸው» ሲሉህ አሜን አትበል፤ «አምባገነን ነበሩ» የሚል የአዲስ አበባ ወሬህንም ሻንጣህ ውስጥ ተወው። እዚያ የምትሄደው እሱን ለማውራት አይደለም።

ከበሮውን በተመለከተ፦ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከበሮና ጸናጽል በሥርዓታቸው። ከደጅ ውጪ ግን ተቀምጠህ አዳምጣቸው። የሦስቱን ከበሮ ልዩነት የሚያሳይህ ሽማግሌ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ፣ ልጆቹንም ከበሮ ስታስተምር እጃቸው ቀድሞህ ይሄዳል። የሚያጨሱትን ዕፅ ግን ከቅጥሩ ውጪ ያስቀሩት። ይህን በለሰለሰ ቃል ንገራቸው፣ አትድገመው፤ እርስ በርሳቸው ይቆጣጠራሉ።

7. ወደ ትሪኒዳድ ለማገዝ ትላክ ይሆናል፤ እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለችን። ካርኒቫላቸው የሚውለው የምዕራባውያን ጾም ከሚጀምርበት ረቡዕ በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ ነው። አሁን ቁጠር። ፋሲካችን ከፋሲካቸው በአንድ ሳምንት በሚዘገይበት ዓመት የካርኒቫሉ ሰኞ የእኛ ሁዳዴ የሚገባበት ሰኞ ራሱ ነው። በአንድ ቀን በሚውሉበት ዓመት ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ይሆነዋል። አንተ ጾም ስትይዝ ከተማው በሙሉ ገና ሳይነጋ ጭቃና ቀለም ተቀብቶ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ከበርሜል የተሠራው የብረት ከበሮ ይደለቃል። ወጣቶችህን «የረከሰ ነው» እያልክ አትዝለፍ፤ ሁለቱን ቀን ቤተ ክርስቲያን ክፍት አድርግና የሠርክ ጸሎት ሰዓቱን ከፍ አድርገህ ለጥፍ። የሚመጣ ይመጣል። የደከመው ረቡዕ ይመጣል። ረቡዕ ለመጣው «የት ነበርክ?» አትበለው።

8. በፋሲካቸው ጊዜ ደግሞ ጃማይካ ውስጥ ቅመምና ዘቢብ የበዛበት ቡን ከወፍራም የቺዝ ቁራጭ ጋር ከየአቅጣጫው ይመጣልሃል። በአንድ ሳምንት በሚቀድሙን ዓመት የእነሱ ትንሣኤ የእኛ ሆሣዕና ነው። ተቀበል፣ ቺዙን ለፋሲካ አስቀምጥ፣ ከልጆቹ ጋር ወጥተህ ካይት አብርር። ያን ሰሞን ሰማዩ በካይት ይሞላል።

9. ኦገስት 6 የነጻነት ቀናቸው ነው። በእኛ ሐምሌ 30፣ የፍልሰታ ዋዜማ። ከዓመቱ ሁሉ ሁለቱ አቆጣጠሮች የተስማሙበት ደስ የሚል ቀን እሱ ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ በቀር በፒሜንቶ እንጨት ጢስ የተጠበሰውን ዶሮ ቅበላ አድርገው። እንኳን አደረሳችሁ በላቸው፤ በማግስቱ ለምን እንደጾምክ ሲጠይቁህም ንገራቸው።

10. ከጁን እስከ ኖቬምበር የማዕበል ወቅት ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀል እዚያ መሀል ይውላሉ። ጊልበርት የሚሉት ማዕበል ጃማይካን ያገኛት መስከረም 2 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ማግሥት ነበር። ስንቱን ቤት ጣራ አልባ እንዳደረገው ዛሬም በየቤቱ ይነገራል። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ ውኃ በበርሜል፣ ሻማና የባትሪ መብራት ይኑርህ። ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከወለል ከፍ አድርጉ። በደህናውም ጊዜ መጻሕፍቱን በየሳምንቱ ግለጣቸው፤ እርጥበቱ ብራናውን አሻግቶ ቅጠሉን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። የደመራውን እንጨት ዝናብ ከሚመታው ቦታ አርቀህ አከማች። ማዕበል ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ጉባኤህ ቆርቆሮና ምስማር ይዞ የአሮጊቶችን ጣራ የሚያድስ ጉባኤ ይሁን። የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሁለተኛ ይምጣ።

11. ቡናህን ለብቻህ አትጠጣ። እዚያ ያለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስንሆን ደግሞ ተጠጋግተን አማርኛ ማውራት እንወዳለን። ከቅዳሴ በኋላ ሐበሾቹ አንድ ጥግ ጃማይካውያኑ ሌላ ጥግ ሲቆሙ ካየህ ወደ ሌላኛው ጥግ ሂድ። ባለቤትህ ጀበናዋን ይዛ ትሂድ። ከኪንግስተን በላይ የሚታዩት ብሉ ማውንቴን ተራሮች ያበቀሉት ቡና ስሙ የገነነ ነው፤ ብዙው ወደ ጃፓን ሲጫን ኖሯል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ጥሬውን በጥቂቱ ብታገኙ እቤት ቆልታችሁ ለምእመናን አፍሉት። ቡናውን በየቤታቸው ያውቁታል፤ ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ፣ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ግን አላዩም። እዚያ ቁጭ ብለው ነው ስለ ቤታቸው ችግር የሚነግሯችሁ፣ ንስሐ ለመግባት ድፍረት የሚያገኙትም እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት ስምንት ስለሆነ እናትህ የከሰዓቱን ቡና ስታፈላ እዚያ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ ደውልላት፤ ከዚያ በኋላ ስልክህን አስቀምጥና ሰው ጎብኝ።

12. የራስህን በዓል በመጨረሻ አስቀመጥኩት፤ በአገልግሎትህም ተራው እንዲሁ ይሁን። ጃንዋሪ 7 እዚያ የሥራ ቀን ነው። ነርሷ ምእመንህ ፈረቃ አላት፣ ሹፌሩ መኪና ያወጣል። ቅዳሴው ሌሊት ተቀድሶ ሰው ሳይነጋ እንዲበተን ከካህናቱ ጋር ተነጋገሩ፤ መፈሰኪያ ዶሮ ወጡንም ባለቤትህና የሰንበቴው ሴቶች በሳህን አዘጋጅተው ወደ ሥራ ለሚሄዱት ያስይዙ። የምእመናንን ቤተሰቦች ሁሉ ጥራ፤ ዲሴምበር 25 ገበታቸው ላይ ከነበርክ ይመጣሉ። ካልነበርክ አይመጡም።

እንግዲህ ጉዞህ ከመቃረቡ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። አንድ ደብተር ግዛና የመጪውን ዓመት የእነሱን በዓላትና የእኛን አጽዋማት ጎን ለጎን ጻፍ፤ ባሕረ ሐሳቡን ራስህ ቁጠረው፣ ከስልክ አትገልብጠው። የሚጋጩትን ቀናት በቀይ አስምርና እኔ ዘንድ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን። ባለቤትህንም ይዘሃት ና፤ ስለ በርበሬውና ስለ ሊጡ የእኔዋ ባለቤት ከእኔ የተሻለ ትነግራታለች።